ለጉዞ ካሜራ ስትገዙ ከሌንሱ ጀምሩ

«አቦ፣ ለጉዞ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ካሜራ አንግቼ የሚያየኝ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል። ድሬዳዋ ከዚራ ላይ ይጠይቁኛል፣ ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ ይጠይቁኛል፣ በስልክም ይጠይቁኛል። ብዙዎቹ የሚፈልጉት አንድ ስም ነው፤ «ይሄን ግዛ» ተብሎ እንዲነገራቸው። ስም መጥራት ቀላል ነው፣ ግን አይጠቅማችሁም። በጀጎል ጠባብ መንገዶች ውስጥ በርና ግድግዳ የሚያነሳ ሰውና ባቢሌ ሄዶ ዝሆን ለማንሳት ያሰበ ሰው አንድ ዓይነት ዕቃ አይበቃቸውም።

ስለዚህ ስም ሳይሆን አመራረጡን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሚመረጠው ሌንሱ ነው፣ ቦዲው፣ ማለትም ያለ ሌንስ ያለው የካሜራው አካል፣ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ሂዱ፣ አንዱን ደረጃ ዘላችሁ ወደ ሱቅ አትሩጡ።

ልትገዙ ስትሄዱ የምትይዙት

- የራሳችሁ ሚሞሪ ካርድ። በሱቁ ካርድ ያነሳችሁትን ፎቶ ቤት ወስዳችሁ መመርመር አትችሉም።
- ላፕቶፕ፤ ከሌለ ስልክ ላይ የሚሰካ ካርድ ሪደር። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ሁሉም ፎቶ ያምራል።
- መብራት ያለው ስልክ፣ የሌንሱን ውስጥ ለማየት።
- ነጭ ወረቀትና በደቃቅ ጽሑፍ የተሞላ ጋዜጣ።
- በጉዞ የምትይዙት ቦርሳ፣ ውሃውም ልብሱም እንደገባበት።

ሻጩ ባትሪውን ሞልቶ እንዲጠብቃችሁ ቀድማችሁ ደውላችሁ ንገሩት። «ባትሪው አልቋል እንጂ ይሠራል» የተባለ ካሜራ አልተፈተሸም ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ስልካችሁ ምን እንደሚያቅተው እወቁ

አንድ ቀን ስልካችሁን ብቻ ይዛችሁ ውጡ። ጠዋት ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ግቡ። ከሰዓት ወደ ሐረር ውጡና በአንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ስፌቶች አንሱ። ሲመሽ ደግሞ ጅብ የሚመገብበት ቦታ ድረሱ። ማታ ፎቶዎቹን በትልቅ ስክሪን አስፍታችሁ እዩ።

ይሄን የማስደርጋችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በቀን ብርሃን፣ ቅርብ ላለ ነገር፣ ደህና ስልክ በጣም ጥሩ ይሠራል፤ ካሜራ ብትገዙም ያን ያህል ልዩነት አታዩም። ስልክ የሚያቅተው ጨለማ ውስጥ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይና ሩቅ ያለ ነገር ላይ ነው። የእናንተ ፎቶዎች የተበላሹት ከነዚህ በየትኛው ነው? መልሱን ጻፉት፣ ቀጣዩ ደረጃ ላይ ይፈለጋል። ምንም ያላረካችሁ ነገር ከሌለ ግን ገንዘባችሁን ያዙ፣ ለጉዞው አውሉት። ከልቤ ነው የምላችሁ።

ደረጃ 2፦ ያቃተውን ነገር ወደ ሌንስ ቁጥር ቀይሩት

ሌንስ ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ። አንደኛው በሚሊሜትር ነው፦ 18-55፣ 35፣ 70-300። ይህ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያያል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። ሁለተኛው የብርሃኑ ቁጥር ነው፤ ኤፍ 1.8 ወይም ኤፍ 5.6 እንላለን፣ ሌንሱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ 1፡1.8 ተብሎ ነው የሚጻፈው። ይሄኛው ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል። ሌላውን ሁሉ ባታውቁ እነዚህን ሁለቱን እወቁ።

ጠባብ ቦታ። ጀጎል ውስጥ ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ ቁሙ። ፊት ለፊት ያለው በር 2 ሜትር ይርቃል እንበል። በተለመደው ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር (ሴንሰር ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ነው፣ ደረጃ 3 ላይ እንመጣበታለን) 18 ሚሊሜትር ላይ ካነሳችሁ ከጎን እስከ ጎን 2 ሜትር ከ60 ሳንቲሜትር ያህል ይገባላችኋል፣ ካሜራውን ስታቆሙት ደግሞ በሩ ከነመቃኑ ከላይ እስከ ታች ይገባል። 35 ላይ 1 ሜትር ከ35 ገደማ ነው የምታገኙት። 50 ላይ ግን 1 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በሩ ተቆርጦ ይወጣል፣ ወደኋላ እንዳትሄዱ ደግሞ ጀርባችሁ ላይ ግድግዳ አለ። ለሐረር ከ18 ወይም ከዚያ በታች የሚጀምር ሌንስ የግድ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጨለማ ቦታ። ባህላዊው ቤት ውስጥ ብርሃኑ በብዛት የሚገባው በበሩ በኩል ነው። ከካሜራ ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ እስከ 55 ሲሳብ ኤፍ 5.6 ይሆናል። ኤፍ 1.8 ከዚያ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ይህ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ብቻ አይደለም፦ በኤፍ 5.6 ካሜራው ለ1/15 ሰከንድ መከፈት ካለበት፣ በኤፍ 1.8 1/125 ሰከንድ ይበቃዋል። በ1/15 ቡና የምትቀዳዋ እናት እጅ ደብዝዞ ይወጣል። በ1/125 ጣቶቿም ከጀበናው አፍ የሚወርደው ቡናም ይለያል። ሌንሱ 35 ሚሊሜትር ቢሆን ይሻላል፤ 50 ለቤት ውስጥ ይጠባል፣ ለፊት ፎቶ ግን ደስ ይላል።

ጅቦቹ ዘንድ ነገሩ ይብሳል። ብርሃኑ ብዙ ጊዜ የመኪና መብራት ወይም የእጅ ባትሪ ነው። ኤፍ 1.8 ይዛችሁም አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ወደ 3200 ወይም ከዚያ በላይ መግፋት ይጠበቅባችኋል። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ካኖን ሌንሶች ላይ «አይኤስ»፣ ኒኮን ላይ «ቪአር» የሚባለው ማረጋጊያ የእናንተን እጅ መንቀጥቀጥ ነው የሚያካክሰው። የጅቡን እንቅስቃሴ አያቆምም። ሻጭ «ማረጋጊያ አለው፣ ለማታ ይሆናል» ካላችሁ ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ።

ሩቅ ነገር። ሐረር ጊድር መጋላ ገበያ ላይ ሥጋ ለመንጠቅ የሚያንዣብቡትን ጭልፊቶች ለማንሳት ቢያንስ 200፣ ቢቻል 300 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። ዝሆን ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ተጠግቶ ማንሳት ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ 300ም ቢሆን ትንሽ ነው። ደግነቱ ይህ ሁሉ በቀን የሚሠራ ስለሆነ ኤፍ 5.6 ወይም 6.3 ይበቃል፣ ውድ ሌንስ አያስፈልግም።

በዚህ አካባቢ ለሚዞር ሰው የምመክረው ሁለት ሌንስ ነው። አንድ ሁለገብ፣ 18-55 ወይም አቅም ካለ 18-135 ወይም 18-140፤ አንድ ደግሞ ለጨለማ፣ 35 ኤፍ 1.8። ረጅሙን ሁለገብ የምወደው በአቧራው ምክንያት ነው፤ ሌንስ መቀያየር ይቀንስላችኋል።

ደረጃ 3፦ የሴንሰሩን መጠን ወስኑ፣ ሜጋፒክስሉን ተዉት

ሴንሰር ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል ነው። ሰፋ ሲል ጨለማ ውስጥ ጥራቱ ይሻላል፣ ዕቃውም ግን ይከብዳል፣ ይወደዳልም። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ኤፒኤስ-ሲ ወደ 23.5 በ15.6 ነው፣ የካኖኑ ትንሽ ያንሳል። 1 ኢንች የሚባለው፣ በኪስ የሚያዙ ካሜራዎች ውስጥ የሚገኘው፣ 13.2 በ8.8 ነው። ለጉዞ ኤፒኤስ-ሲ ውሰዱ። ዋጋውም ክብደቱም መሃል ላይ ነው፣ ሌንስም በቀላሉ ይገኝለታል።

ሜጋፒክስልን በተመለከተ፣ 24 ሜጋፒክስል ማለት 6000 በ4000 ነጥብ ነው። ኤ3 ወረቀት ላይ በጥሩ ጥራት ለማሳተም ወደ 17.5 ሜጋፒክስል ይበቃል፣ ለኤ4 ደግሞ 9 እንኳ አይሞላም። በስልክ ለማጋራት ብቻ ከሆነ ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ 16 ሜጋፒክስል ያለው ያገለገለ ካሜራ አርጅቷል ብላችሁ አትለፉት።

ደረጃ 4፦ ለፀሐዩ፣ ለመብራቱና ለትከሻችሁ አስቡ

ድሬዳዋ ላይ እኩለ ቀን ስክሪን አይታይም። ስለዚህ በዓይን የሚታይበት መመልከቻ፣ ቪውፋይንደር፣ ያለው ካሜራ ግዙ። አንዳንድ ትንንሽ ሚረርለሶች (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች) የላቸውም፦ ካኖን ኤም200፣ ሶኒ ዜድቪ-ኢ10፣ ኒኮን ዜድ30። ለቪዲዮ ጥሩ ናቸው፣ በዚህ ፀሐይ ለፎቶ ግን በግምት ነው የምታነሱት።

ባትሪው ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በመደበኛው መለኪያ ኒኮን ዲ3500 በአንድ ባትሪ ወደ 1550 ፎቶ ያነሳል፣ ሚረርለሱ ሶኒ ኤ6000 ግን ወደ 360። በሌላ በኩል ኤ6000 በዩኤስቢ ገመድ ከፓወር ባንክ ቻርጅ ይደረጋል፣ ዲ3500 የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል። መብራት በሚጠፋበት ቦታ የምታድሩ ከሆነ አንዱ በብዛቱ ይጠቅማል፣ ሌላው በፓወር ባንኩ። ሚረርለስ ከገዛችሁ ግን ሁለተኛ ባትሪ የግድ ነው።

ክብደቱን በወሬ አትለኩት። ኤ6000 ከነባትሪው 344 ግራም ነው፣ ዲ3500 ደግሞ 415፣ ሁለቱም ያለ ሌንስ። ፉል ፍሬም ቦዲ ከ24-70 ኤፍ 2.8 ሌንስ ጋር ወደ 1 ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ሱቅ ውስጥ ካሜራውን የጉዞ ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱና አንግታችሁ ትንሽ ተራመዱ። የጀጎል መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው። የከበደ ካሜራ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሆቴል ይቀራል።

ደረጃ 5፦ ገንዘቡን ቀድማችሁ ከፋፍሉ

ካላችሁ 10 ብር 4ቱን ለቦዲ፣ 4ቱን ለሌንስ፣ 2ቱን ለባትሪ፣ ለካርድና ለቦርሳ መድቡ። ሁሉንም ለቦዲ ያወጣ ሰው ከካሜራው ጋር በመጣው ኪት ሌንስ ይቀራል፣ ጨለማ ውስጥ ስልኩ ሲያቅተው የነበረው ነገር ካሜራውንም ያቅተዋል። በጀቱ ከጠበበ ቦዲውን አሮጌ አድርጉት፣ ሌንሱን አትንኩ። ቦዲ በየጊዜው ይቀየራል፣ ጥሩ ሌንስ ግን ከአንዱ ቦዲ ወደ ሌላው ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ደረጃ 6፦ ሌንሱና ቦዲው እንደሚስማሙ አረጋግጡ

መግጠም ብቻውን አይበቃም። እንደ ዲ3500 እና ዲ5600 ያሉ ትንንሾቹ የኒኮን ዲኤስኤልአሮች (ውስጣቸው መስታወት ያላቸው ካሜራዎች) ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም። «ኤኤፍ-ዲ» የተባለ የቆየ ሌንስ ይገጥምላቸዋል፣ ፎከሱን ግን በእጃችሁ ነው የምታዞሩት። ለነሱ «ኤኤፍ-ኤስ» ወይም «ኤኤፍ-ፒ» ፈልጉ። ካኖን ላይ ደግሞ ሁለት ዓይነት 18-55 አለ፤ አንዱ «አይኤስ» ተጽፎበታል፣ አንዱ የለበትም። ዋጋቸው ከተቀራረበ ማረጋጊያ ያለውን ውሰዱ።

ደረጃ 7፦ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፈትሹ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ላይ ግዙ፣ ከሰው እጅ ግዙ፣ ዘመድ ከውጭ ያምጣላችሁ፣ ፍተሻው አይቀርም። በተለይ «ስላይትሊ ዩዝድ ነው»፣ ትንሽ ብቻ ነው ያገለገለው፣ ሲባል ጊዜ ውሰዱ። ሻጩ ካጣደፋችሁ ተዉት፣ ሌላ ካሜራ አይጠፋም።

መጀመሪያ ሌንሱን አውጡና የስልካችሁን መብራት ከኋላ አብርታችሁ ከፊት በኩል ተመልከቱ። አንድ ሁለት የአቧራ ቅንጣት ችግር የለውም፣ ፎቶ ላይ አይታይም። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጫጭን ክር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው። ሻጋታ ያድጋል፣ መስታወቱንም ይበላል። እርጥበት ባለበት የባህር ዳርቻ የቆየ ሌንስ ላይ ይበዛል፤ የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ እዚህ አይኖርም ብላችሁ አትዘናጉ፣ ዕቃው ከየት እንደመጣ አታውቁምና።

ቀጥሎ ሴንሰሩ። ኤፍ 16 ወይም 22 ላይ አድርጉና ነጩን ወረቀት ወይም ጠራ ያለ ሰማይ አንሱ፣ ከዚያ በላፕቶፕ አስፍታችሁ እዩት። ክብ ጥቁር ነጠብጣብ አቧራ ነው፣ ይጸዳል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችኋል። ቀጥ ያለ የማይለቅ መስመር ጭረት ሊሆን ስለሚችል ተዉት። ቁጥሩን ከፍ ያስደረግኳችሁ በምክንያት ነው፦ በኤፍ 1.8 ብታነሱት አቧራው አይታይም፣ ንጹሕ መስሏችሁ ትገዛላችሁ።

ሦስተኛ ሻተሩ፣ ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ። በ1/4000፣ በ1/1000፣ በ1/60 እና በ1 ሰከንድ አንሱ። በፈጣኑ ላይ የፎቶው አንድ ጎን ከጠቆረ ሻተሩ እየደከመ ነው። ስንት ፎቶ እንዳነሳም ጠይቁ። የመግቢያ ደረጃ ካሜራ ሻተር ብዙ ጊዜ እስከ 100,000 ገደማ እንዲያገለግል ታስቦ ነው የሚሠራው። ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል፣ ፎቶውን ላፕቶፕ ላይ ከፍታችሁ ዝርዝሩን በሚያነብ ፕሮግራም ታዩታላችሁ። ካኖን ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ካሜራውን በገመድ አገናኝቶ በልዩ ፕሮግራም ማንበብ ያስፈልጋል። ከሰርግ ሥራ የወጣ ካሜራ ከሆነ ይህን ፍተሻ በፍጹም አትዝለሉ። የአንድ ሰርግ ፎቶ በሺህ የሚቆጠር ነው፤ ውጪው ተወልውሎ አዲስ ቢመስልም ውስጡ ሊያልቅ ይችላል።

አራተኛ ፎከሱ። ጋዜጣውን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ሌንሱን በመጨረሻው ትንሽ ኤፍ ቁጥር አድርጉና መሃሉን ዒላማ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አንሱ። ደቃቁ ጽሑፍ ሁልጊዜ መነበብ አለበት። አንዴ ጥርት፣ አንዴ ድብዝዝ ካለ የሌንሱ ወይም የቦዲው ችግር ነውና በሌላ ሌንስ አነጻጽሩ።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። ቁልፎቹን ሁሉ ተጫኑ፣ ፍላሹን አብሩት፣ የካርዱ በር ይዘጋ እንደሆነ እዩ፣ ሌንሱን ገጥማችሁ ወዘወዝ አድርጉት። የብሎኖቹ ራስ ከተፋቀ ተፈቶ ያውቃል። ባትሪው ራሱ ተንሸራቶ መውጣት አለበት፤ ከተጣበቀ አብጧል። ሜኑው ቋንቋ እንደሚቀይር ሞክሩ፣ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ ሶኒዎች ከጃፓንኛ ውጪ የላቸውም። ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል መኖሩን እዩ። በመጨረሻም ደረሰኝና የሴሪያል ቁጥር አመሳክሩ፤ የተሰረቀ ዕቃ ገዝቶ ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ ከካሜራው በላይ ያስወጣል።

ደረጃ 8፦ ካርዱን ሞልታችሁ ፈትኑት

ፌክ ካርድ ብዙ ነው። 128 ጊጋባይት ይላል፣ ውስጡ ግን ከዚያ በጣም ያንሳል፤ ሲሞላ ዝም ብሎ የቀደመውን ያጠፋል፣ ወይም የማይከፈት ፋይል ይሰጣችኋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ካርዱን በቪዲዮ እስኪሞላ ቅዱበት፣ ከዚያ የመጀመሪያውንም የመሃሉንም የመጨረሻውንም ፋይል ክፈቱ። ሁሉም ከተከፈተ ደህና ነው። ለፎቶ ክላስ 10 ይበቃል፣ ለ4ኬ ቪዲዮ «ቪ30» የሚለውን ውሰዱ። ከአንድ ትልቅ ካርድ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ የጉዞው ግማሽ ይተርፋል።

ማስጠንቀቂያ

- ንፋስ ባለበት፣ በተለይ ደቻቱ ወንዝ ዳር አሸዋው ሲነሳ፣ ሌንስ አትቀይሩ። የግድ ከሆነ ሱቅ ወይም መኪና ውስጥ ግቡ፣ የቦዲውን አፍ ወደ ታች አድርጉት።
- ሴንሰር ላይ በአፋችሁ አትንፉ፣ ምራቅ ይረጫል። ለዚህ የሚሸጠውን የጎማ መንፊያ ግዙ።
- ካሜራና ባትሪ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ። ያበጠ ባትሪ አትጠቀሙ።
- በአውሮፕላን ስትሄዱ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው፣ በሚጫነው አይደለም።
- ሰው ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ረጅም ሌንስ ይዞ ከሩቅ መስረቅ ፈቃድ አይሆንም፤ ገበያ ውስጥ ጠብ ያስነሳል፣ ሰውንም ያስቀይማል።
- ኬላ፣ ኤርፖርትና የወታደር ቦታ አታንሱ።
- ድሮን ያለ ፈቃድ አትግዙ፣ ከውጭም አታስመጡ። ጉምሩክ ላይ ይያዛል።
- ጅብ ስታነሱ ፍላሽ ከማብራታችሁ በፊት የሚያበላውን ሰው ጠይቁ። እንስሶቹን የሚያውቃቸው እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

«50 እጥፍ ዙም» በሚል ጽሑፍ መማረክ አንዱ ነው። እንደዚህ ዓይነቶቹ ካሜራዎች ብዙዎቹ ሴንሰራቸው የስልክ ያህል ነው፤ በቀን ሩቁን ያቀርባሉ፣ ሲመሽ ግን ከስልካችሁ አይሻሉም።

ሌላው 18-55 ይዞ 18-135 መጨመር ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ጨርሶ ሸፍኖታል። ወይ አንዱን ሽጡ፣ ወይ ገንዘቡን ለ35 ኤፍ 1.8 አድርጉት።

ርካሽ ትራይፖድ ገዝቶ መሸከምም አለ። የሚወዛወዝ እግር ፎቶውን ከእጅ ባልተሻለ ሁኔታ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጠባቡ መንገድ ላይም ሰው ያደናቅፋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ለጉዞ ዋዜማ የሚገዛው ሰው ነው። ካሜራውን ቢያንስ ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ግዙ። በዚያ ሳምንት ውስጥ በየቀኑ ይዛችሁት ውጡ፦ አንድ ቀን በ1/500 የሚሮጥ ባጃጅ አንሱ፣ አንድ ቀን መብራት ሳታበሩ ቤት ውስጥ ቤተሰብ አንሱ፣ አንድ ቀን ባትሪው እስኪያልቅ ተጠቀሙና ስንት ፎቶ እንደሰጣችሁ ቁጠሩ። ጉድለት ካለው የሚታየው ያኔ ነው። ስትገዙም ከሻጩ ጋር የመመለሻ ቀን ተስማሙ፣ ደረሰኙ ላይም አስጽፉት፤ በቃል የተባለ «ችግር ካለ አምጣው» ሱቁ በር ላይ ያከራክራል።